ብርድ ልብሶቹን ንፋስ ያስመታሁበት ጸደይ

እኔ በምኖርበት ከተማ ጸደይ የሚገባው በአዋጅ ነው። የከተማዋን ስም አልናገርም፤ ብናገርም የሚያውቃት የለም፤ የሚያውቃት ካለም ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ይወቅሰኛል። ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች፣ ጓሮ የሌለው ቤት የማይገኝባት ከተማ ናት። ሰው ሁሉ ጎመን ይተክላል፤ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጎመን ያማል። እኔ አሥራደ እባላለሁ። ሥራዬ ብርድ ልብስ መረከብ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ተረክቤያለሁ፤ አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እኔ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሚያኮራ ስላልሆነ ነው።

የእኛ አገር በረዶ ጣሪያ እየደበደበ የሚያልፍ ጠጠር አይደለም። ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ ይወርድና መሬቱን አልብሶት ይተኛል። በብርዱ ወራት ቢወርድ ማንም ቅር አይለውም። ችግሩ ጸደይ ከገባ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ጎመኑ ቅጠል እስኪያወጣ፣ ዱባው ሁለት ጆሮውን እስኪያቆም ይታገሣል፤ ከዚያ ዕቃ ረስቶ እንደሄደ እንግዳ ብቅ ይላል።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሊቀ ጸደይ ይህ ለምን እንደሚሆን መርምሮ ደረሰበት። ሊቀ ጸደይ ማለት ጸደይ መግባቱን የሚያውጅልን ሹም ነው። ብርድ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ስለሚጠብቀው ነው አለ። ቤታችሁ ውስጥ ብርድ ልብስ አለ፤ ብርድ ደግሞ ብርድ ልብስ ያየበት ቤት የተጋበዘ ይመስለዋል። ቅላችሁ ውስጥ መጠባበቂያ ዘር አለ፤ መጠባበቂያ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ የተከለው እንዲሞት አስቀድሞ ፈርዶበታል። ስለዚህ አዋጁ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ለከተማው መጋዘን ያስረክብ፣ ዘሩንም አንድ ሳያስቀር ይትከል ተባለ። ብርድ ልብሱ በመኸር፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ይመለሳል። ጥናቱ ሰባት ገጽ ነው። አንብቤዋለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም።

እውነትም ከዚያ ወዲህ ከአዋጁ በኋላ በረዶ ወርዶ አያውቅም። የሚወርደው ነገር ሌላ ስም አለው። ለዚህ የተመደበ ስም አውጪ አለን፤ አቶ ተመቸ ይባላል፤ ትጉህ ሰው ነው። አንድ ዓመት የወረደውን «የተራራ ዱቄት» አለው። በሌላው ዓመት «ዘግይቶ የመጣ ብርሃን» ሆነ። ቃሪያዬን አንድ ሳያስቀር የጨረሰብኝ ዓመት «የደመና ምርቃት» ተባለ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ቃሪያዬ በምርቃት እንደሞተ ተናገርኩ።

የእኔ ሥራ የሚጀምረው በአዋጁ ማግስት ነው። ደብተሬን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። መጀመሪያ የዘር ቅሉን እቀበልና ሦስት ጊዜ እገለብጠዋለሁ፤ አንዴ ለዘር፣ አንዴ ለገለባ፣ አንዴ ለጥርጣሬ። ምንም ካልወደቀ ባዶው ቅል አፉን ወደ ታች አድርጎ በሩ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ብርድ ልብሱን እቀበላለሁ፤ ደረሰኝ እሰጣለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ተረካቢ ሁለት ጊዜ ብቻ ይገለብጥ ነበር ይባላል። እኔ ግን ሦስተኛዋን ትቼ አላውቅም።

እውነቱን ልናገርና አንዳንድ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። መጋዘኔ ውስጥ ከሱፍና ከጥጥ በቀር ምንም የለም፤ አይጦቼ ግን የወፍጮ ቤት አይጥ ያህል ወፍራም ናቸው። ደግሞ በመኸር ብርድ ልብሱን ስመልስ ሰው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ጠርዙን ዙሪያውን በጣቱ እየዳሰሰ ይሄዳል። ንብረቱን የሚወድ ሕዝብ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ጓሮዬ ባዶ በቀረ ዓመት ደግሞ ጎረቤቶቼ በሚቀጥለው ጸደይ አንዳንድ እፍኝ ዘር ያመጡልኛል። «ከየት መጣ?» ስላቸው «ተክለው ዝም ይበሉ» ይሉኛል። ተክዬ ዝም እል ነበር።

አሁን ወደ እትዬ እንግዳወርቅ ልምጣ።

እትዬ እንግዳወርቅ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ ስንት እንደሆኑ የጠየቃቸውን ሰው ግን አይምሩትም። ጓሯቸው ውስጥ ባለ መቀነት አደንጓሬ ይተክላሉ፤ ነጭ ሆኖ ወገቡ ላይ ቀይ መስመር የታጠቀ ነው። ድሮ የከተማው ሰው ሁሉ ነበረው። የተራራው ዱቄትና የደመናው ምርቃት ተባብረው ከየጓሮው አጠፉትና የቀረው የእሳቸው ብቻ ሆነ። እንዲያው ስለ ጣዕሙ ብዙ ማለት አልችልም። ለመብሰል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በስሎም እልኸኛ ነው። እሳቸው ግን ሲዳሩ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ዘር ነው። «ከእናቴ ቤት የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የባሌ ነው፤ እሱም ሄደ» ይሉኝ ነበር።

የዚያን ዓመት አዋጅ በወጣ በሁለተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ። ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መርፌ በአንድ እጅ ክር በሌላ እጅ ይዘው ወደ መስኮቱ አቅንተው ተቀምጠዋል። ክሩን ምራቅ ያስነኩታል፣ ያሾሉታል፣ መርፌውን አልፎ ይሄዳል።

«አንተ አሥራደ፣ እግዜር ነው ያመጣህ» አሉኝ። «እስቲ ይችን ክር አስገባልኝ። ዘንድሮ ዐይኔ ከዳኝ።»

«ምን ሊሰፉ ነው?»

«የብርድ ልብሴ ጠርዝ ተተርትሯል። ልቀምቅመውና ትወስደዋለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እንዳለ ነው የምረከበው። ከተተረተረ ‹ተተርትሯል› ብዬ እጽፋለሁ፤ በመኸርም ተተርትሮ ይመለስልዎታል። የንብረት አያያዝ እንዲህ ነው።»

«አንዲት ክር ለማስገባት ነው ይሄ ሁሉ?»

«ዛሬ አርባ ሦስት ቤት ይቀረኛል፣ እትዬ።»

 ከዚያ መርፌውን አንገታቸው ሥር ልብሳቸው ላይ ሰኩት። ቅሉን ተቀብዬ ገለበጥኩት፤ አሥራ ሁለት አደንጓሬ መዳፌ ላይ ወደቀ። ደነገጥኩ። በሃያ ስድስት ዓመት እሳቸው ቤት ዘር ወድቆብኝ አያውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዘሬ ነዋ! ልተክለው ነው።»

«መቼ?»

«አምስቱን ዛሬ። ሰባቱን...» አሉና አቋረጡት። «ሰባቱንም ዛሬ» አሉ ቀስ ብለው።

ደንቡ ሲተከል ማየት አለብህ ስለሚለኝ ቆሜ ጠበቅሁ። እንዲያውም ወገባቸው እንዳይታመም ብዬ ጉድጓዱን የቆፈርኩላቸው እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለቱንም፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ በቀጥታ መስመር። ባዶውን ቅል በሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ብርድ ልብሱን ተቀበልኩ፤ «ተተርትሯል» ብዬ ጻፍኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ዛሬ ደግ ነገር ሠራሁ እያልኩ ነበር የሄድኩት። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

አሥራ ሁለቱም በቀሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እንግዳወርቅ የእግዜር ሰላምታ ትተው በቁጥር ያናግሩኝ ጀመር። ጠዋት አጥሩ ጋ እንገናኛለን።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ደኅና ናቸው?»

«አሥራ ሁለት አልኩህ እኮ!»

እኔ ደግሞ በበኩሌ አርባ አንድ የቲማቲም ችግኝ ነበረኝ። ከዘር አፍልቼ፣ ፍግ አልብሼ፣ በመስመር አቁሜ፣ በየቀኑ እያየሁ ነው ያሳደግኋቸው። ለሰው አላሳይም እንጂ ለብቻዬ አነጋግራቸዋለሁ።

ጸደይ በታወጀ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰማዩ የታጠበ ብረት ድስት መሰለ። ንፋሱ ቀጥ አለ። ወፎቹ ዝም አሉ። በከተማዋ ውስጥ ይህ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም፤ ግን ጸደይ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ ስለ ሙቀቱ ያወራል። ጥርሱ እየተንቀጨቀጨ «ዘንድሮስ ሙቀቱ አይቻልም» ያለኝን ሰው በዐይኔ አይቻለሁ።

መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እትዬ እንግዳወርቅ በዱላቸው እየተደገፉ መጡ። ከቤታቸው እስከ መጋዘኑ ዳገት ነው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደረሰኛቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ብርድ ልብሴን ስጠኝ።»

«በመኸር ነው የሚመለሰው፣ እትዬ።»

«አሥራ ሁለቱን ላለብሳቸው ነው። ነገ ጠዋት መልሼ አመጣልሃለሁ። አጥቤ አመጣልሃለሁ።»

«እትዬ፣ ጸደይ እኮ ገብቷል።»

«አሥራደ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይጎላ፣ «ቀና በል።»

ቀና አላልኩም። ደንቡን ነገርኳቸው። ከደንቡ ሌላ የምናገረው ነገር ስላልነበረኝ ደገምኩላቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደረሰኛቸውን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ሄዱ። ለአሥራ ሁለቱ ሊያለብሱ መሆኑ ገባኝ። ነጠላ ደግሞ እንኳን ለበረዶ ለማለዳ ጤዛም አይሆንም።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ባናው በአንድ ወገን፣ ቡልኮው በሌላ ወገን፣ የተራው ሰው በመሐል። እኔ ግን ጸደይ ከታወጀ ወፍራም ልብስ መልበስ ስለሚከለከል ስስ ሸሚዝ ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ። ያን ጊዜ አንዱ ወፍራም አይጤ ከላይኛው ድርድር ላይ አንድ ቡልኮ ጎትቶ ጣለ። የጣለው ሲሮጥ ሳይሆን ሲበላ ነው፤ ጠርዙን ቀዶታል። ከቀዳዳው አተር ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

አነሳሁት። አተር ነው፤ የተመረጠ፣ ነቀዝ ያልነካው፣ የዘር አተር። የቡልኮውን ጠርዝ ዳሰስኩ፤ ዙሪያውን ሙሉ ፍሬ ፍሬ ይላል። ቀጥሎ ያለውን አወረድኩ፤ የጎመን ዘር፣ እንደ አሸዋ። የሚቀጥለው፣ ቃሪያ። የሚቀጥለው፣ ባቄላ። እንደ እብድ ከአንዱ ድርድር ወደ ሌላው እየዘለልኩ ጠርዝ ዳሰስኩ። የከተማው መምህር፣ የከተማው አናጢ፣ ቅሉን ስገለብጥበት «ጸደይ ለዘላለም ይኑር!» ብሎ የሚጮኸው ጎረቤቴ ሳይቀር ሁሉም መጠባበቂያውን በብርድ ልብሱ ጠርዝ ሰፍቶ ለእኔ አስረክቦኛል። እኔም ደረሰኝ ሰጥቼበታለሁ። በከተማዋ ውስጥ ከእኔ ቁልፍ የተሻለ የዘር ማስቀመጫ አልነበረም።

ሳቄ መጣ። መሐል ላይ ግን መርፌዋ ትዝ አለችኝ።

የእትዬ እንግዳወርቅን ብርድ ልብስ ፈልጌ አወጣሁ። ጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ተተርትሯል፤ ውስጡ ባዶ ነው። አምስቱን ዛሬ፣ ሰባቱን... ብለው ያቋረጡት ገባኝ። ለሰባቱ የሚሆን ቦታ አዘጋጅተው፣ ክር የሚያስገባላቸው ሰው አጥተው ነው። የነበረውም ሰው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሁሉ ሲያታልለኝ ኖሮ፣ አንዲት ሴት ብቻ ዐይናቸው ስለከዳቸው ሳያታልሉኝ ቀሩ፤ የእናታቸው ዘር የሚያልቀው በእሳቸው ነው። አፈርኩ። ብርድ ልብሱን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ትልቅ ሰውዬ ሆኜ እንባዬ መጣ።

ግን እኔ ከደንብ ውጪ ምንም ማድረግ የማልችል ሰው ነኝ። ተፈጥሮዬ ነው፤ ያለ ደንብ ጫማዬንም አላወልቅም። ስለዚህ የመጋዘኑን ደንብ አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ደረስኩ። «ተረካቢው አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ሁሉ፣ ብል እንዳይበላቸው ብርድ ልብሶቹን ንፋስ ያስመታል» ይላል። የት ያስመታል የሚል የለበትም። ማን ይዞ ይወጣል የሚል የለበትም። ለስንት ሰዓት የሚል የለበትም። ይህን አንቀጽ የጻፈውን ሰው ባገኘው ኖሮ ግንባሩን እስመው ነበር።

ወጥቼ የመጋዘኑን ደወል ደወልኩ። ደወሉ የሚደወለው በመኸር ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጣ።

«ብል ገብቷል!» አልኩ። «እያንዳንዱ ሰው የራሱን ብርድ ልብስ ወስዶ ንፋስ ያስመታ። መጋዘኑ ግቢ ስለማይበቃ በየጓሯችሁ ይሁን።»

አናጢው ሰማዩን በዐይኑ ጫፍ አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«መሬት ላይ ነው የሚዘረጋው?»

«መሬት ላይ።»

«ሥሩ ባዶ እንዲሆን እንጨት ማቆም ይቻላል? ማለቴ፣ አየር እንዲገባ...»

«አራት አራት እንጨት አቁሙ። ጫፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ንፋስ እንዳይወስደው።»

«እስከ መቼ?»

«ብሉ እስኪቀልጥ» አልኩ። አሁን ሳስበው ያን ቃል ባልመርጥ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ የተገኘውን ሰልፍ የመሰለ ሰልፍ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ማንም አልተጋፋም፤ ማንም አላወራም። ብርድ ልብሱን የተቀበለ ሁሉ አንድ ጊዜ ጠርዙን ይዳስስና አንድ ጊዜ እኔን ያያል። እኔ ደብተሬን አያለሁ። አተሩ የፈሰሰበት ባለ ቡልኮ ሲመጣ ፍሬዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። «አይጥ ነው» አልኩት። «አይጥ መጥፎ ነው» አለኝና ሮጠ።

የመጨረሻው ሰው ሲሄድ የመጀመሪያው ጥጥ መውረድ ጀመረ። የእትዬ እንግዳወርቅን ብርድ ልብስና የራሴን ተሸክሜ ቁልቁል ሮጥኩ። ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክከው ነጠላቸውን በአሥራ ሁለቱ ላይ ለማዳረስ ይለጥጡታል፤ ስምንተኛዋ ላይ ያልቃል።  የእሳቸው ብርድ ልብስ ለሰባቱ በቃ። የእኔን በአምስቱ ላይ ዘረጋሁት። ነጠላውን መልሼ ትከሻቸው ላይ ሳደርግ እጄን ያዙኝ።

«ቲማቲሞችህስ?» አሉኝ።

«ጸደይ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከተማዋ ነጭ ሆና አደረች። በየጓሮው ጉብ ጉብ ያለ ነጭ ነገር ይታያል። ረፋዱ ላይ ሊቀ ጸደይ ኃይለልዑል በበቅሎ ሆነው፣ አቶ ተመቸን ከኋላ አስከትለው መጡ። ሊቀ ጸደይ ለሕዝብ አርአያ ለመሆን ከአዋጁ ቀን ጀምሮ እጀ ጉርድ ነው የሚለብሱት። ከንፈራቸው የበሰለ እንጆሪ መስሏል። ሕዝቡ በየአጥሩ ቆሞ ያያል።

«አሥራደ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ብርድ ልብስ ንፋስ እያስመታን ነው፣ ጌታዬ። በአንቀጽ አሥራ አራት።»

«መሬት ላይ?»

«የእኛ ከተማ ንፋስ ዝቅ ብሎ ነው የሚነፍሰው።»

ከበቅሎው ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገርስ?»

ሁላችንም አቶ ተመቸን አየነው። ምስኪኑ ሰው የስም ደብተሩን ያገላብጣል፤ ዱቄቱም፣ ብርሃኑም፣ ምርቃቱም አልቆበታል። ላብ ያጠመቀው በዚያ ብርድ ነው። ደብተሩን ከደነና ብርድ ልብሶቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ፊቱ በራ።

«የብል መድኃኒት ነው» አለ።

«አሃ» አሉ ሊቀ ጸደይ። «ብዙ ነው የረጫችሁት።»

«ብሉም ብዙ ነበር» አለ አናጢው ከአጥሩ ወዲያ።

ሊቀ ጸደይ በቅሏቸውን አዙረው ጥቂት ሄዱ። ከዚያ ቆሙ፤ አቶ ተመቸን ወደ ፊት ላኩትና ብቻቸውን ተመለሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኔ ብርድ ልብስ ቁጥር አንድ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«ትናንት መልእክተኛ ልልክ አስቤ ነበር። ሰው ምን ይላል ብዬ... መድኃኒቱ ዛሬም ይጨምራል ትላለህ?»

«ከሰዓት በኋላ ይጨምራል፣ ጌታዬ።»

«ከቤቴ ጀርባ ዱባ አለኝ» አሉ ወደ ተራራው እያዩ። «ማለቴ፣ ንፋስ አለ።»

ወደ መጋዘኑ ይዣቸው ወጣሁ። ቁጥር አንድ ከሁሉ በላይ ለብቻው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ድርብ ባና ነው። ትናንት በጥድፊያው አልነካሁትም ነበር። ሳነሳው ክንዴን ሳበኝ። ጠርዙን ልዳስስ አላሰብኩም፤ ጣቴ በራሱ ሄደ። የዱባ ፍሬ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ተቀምቅሞ፣ ከጥግ እስከ ጥግ የዱባ ፍሬ ነው። ስፌቱ ከከተማው ሰው ሁሉ ስፌት ይበልጣል።

ተያየን።

«ከባድ ብርድ ልብስ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ሱፍ ነው» አሉ።

«ጥሩ ሱፍ ነው፣ ጌታዬ» አልኩና በቅሎው ላይ ጫንኩላቸው። በዚያች ከተማ ውስጥ አዋጁን አምኖ የኖረ አንድ ሰው ብቻ እንደነበረና እሱም እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ተረጋገጠልኝ።

ቲማቲሞቼን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። አርባ አንዱም ጠቁረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እነሱም አምነው ነው የሞቱት። ትንሽ አነጋገርኳቸውና ነቀልኳቸው።

ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ሞተች። የገደላት በረዶ አይደለም፤ የእኔ ብርድ ልብስ ከብዶባት ተሰበረች። እትዬ እንግዳወርቅ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «እንዴት አደሩ?» ስላቸው፣ «አሥራ አንድ» ብለው ዐይኔን ለረጅም ጊዜ ያዩኛል። በመኸር ድጋፉን ሁሉ የወረሰ አደንጓሬ ለቀሙ። አንድ እፍኝ ቀቅለው ጠሩኝ። ቀኑን ሙሉ በሰለ። እልኸኛ ነው ብያችሁ የለ? ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ሊቀ ጸደይ ደግሞ በዚያው ዓመት አዲስ አዋጅ አወጡ። ጸደይ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን «የንፋስ ቀን» ሆኖ እንዲከበር፣ ብርድ ልብስ ሁሉ በየጓሮው እንዲሰጣ፣ በሃያ አራተኛው ቀን እንዲመለስ ታዘዘ። መጀመሪያ በተከበረበት ዓመት ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፤ አደንጓሬው በብርድ ልብስ ሥር ሲታፈን ዋለ። በረዶው የመጣው በሠላሳ አንደኛው ቀን ነው። ግን ብል ቀን አይጠብቅም፤ ደወሉን ደወልኩ፤ ሰውም እንጨቱን አዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ያ ከመሆኑ በፊት ግን፣ የንፋስ ቀን መጀመሪያ በተከበረበት በዚያው ጸደይ፣ በአዋጁ ማግስት፣ ደብተሬን ይዤ የእትዬ እንግዳወርቅን በር አንኳኳሁ። ብርድ ልብሳቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው፤ መርፌ የለም። ዘንድሮ አልለመኑኝም። ቅሉን አቀበሉኝ። አንዴ ለዘር ገለበጥኩት፤ ምንም። አንዴ ለገለባ ገለበጥኩት፤ ምንም። ሦስተኛዋን ተውኳት።

«አንዲት ቀረችህ» አሉኝ።

«አርባ ሦስት ቤት ይቀረኛል፣ እትዬ» አልኩና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

የሸሚዜን ኮሌታ ገልጬ ክር የገባባትን መርፌ አወጣሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ነው ያስገባሁባት፤ ነጭ ክር፣ ድርብ። እትዬ እንግዳወርቅ መርፌዋን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱና ባለ መቀነቶቹን እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፏቸው።

«ስንት ናቸው?» አልኩ።

«አሥራ ሁለት» አሉ።

እጄ ለስፌት አልተፈጠረም፤ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁት። እሳቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ያቀብሉኛል፤ እኔ እየቀመቀምኩ እሄዳለሁ። የመጨረሻዋን ቋጭቼ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ከዚያ ደብተሬን ገልጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ብርድ ልብስ፣ አንድ። ጠርዙ ደኅና ነው።